በሽቦው ውስጥ የቀሩት

ካራ ቡላክ፣ ሴፕቴምበር 19, 2010

ለልጄ ለአናርጉል፣

እንደምን ከረምሽ? የዱሻንቤ ሙቀት በረደልሽ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ካንዛዳ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር፣ «ያቺ ምድጃ ሥር ካልተቀመጥኩ የምትል ተማሪህ ዶክተር ልትሆን ነው አይደል?» ትለኛለች። እኔም ስምሽን በየሰበቡ አነሳለሁ።

ለጥናትሽ ስላጠርነው ሽቦ ለጠየቅሽኝ፣ ሽቦው ቆሟል። ጁን ላይ አንዱ ምሰሶ ዘሞ ነበር፤ በድንጋይ አስደገፍኩት። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ውስጡ ያለው ቁጥቋጦ፣ ቴረስኬኑ፣ እንደ ድሮው ነው የሚታየው። ሰው ማገዶ ፍለጋ አሁን በመኪና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቅርብ የነበረው ቴረስኬን ከነሥሩ ተነቅሎ ነዷል፤ ተራራው ራቁቱን ቀርቷል፤ ንፋስ በተነሣ ቁጥር አሸዋ እንበላለን። ካንቺ ሽቦ በቀር ለዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም።

የኦገስቱን ልኬት ለሹፌሩ ለሙሳ ሰጥቼዋለሁ። የመቶ ሃያውም ቁመትና ስፋት በየቁጥራቸው ተጽፏል። የቅጠልና የሥር ናሙና ያልሽኝን ግን ዘንድሮም አልቻልኩም። ወገቤ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልጄ ታላይ ከሩሲያ አልተመለሰም። ሚስቱ ቡሩል ከነልጇ እኛው ጋ ናት። ልጅቷ አፏን ፈትታለች፤ ስለሷ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ጎረቤቴ ኤርጌሽ ደህና ነው ወይ ላልሽኝ፣ እሱ መንደሩ ውስጥ የለም። ጠጉራም ከብቶቹን፣ ያኮቹን፣ ነድቶ ወደ ላይኛው ሸለቆ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ብርድ ነው እንጂ ሣሩ መልካም ነው ይላሉ።

መምህርሽ ሳቲባልዲ


ዱሻንቤ፣ ኖቬምበር 7, 2010

ለተከበሩ መምህሬ፣

ልኬቱም ደብዳቤውም በደህና ደርሰውኛል። የወገብዎ ነገር አሳስቦኛል፤ መድኃኒት ለሙሳ ሰጥቻለሁ፣ ጠዋትና ማታ ይቀቡት። ናሙናው ይቆይ፤ ስለሱ አይጨነቁ።

ለምን አትመጪም ብለው እስካሁን አራት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ አራቴም ሥራ በዛብኝ ብዬ መለስኩልዎ። አሁንም ከዚያ የተሻለ መልስ የለኝም። አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያው ነው።

ደስ የሚልዎን ልንገርዎ። ጽሑፌ ተቀባይነት አግኝቶ ሊታተም ነው። ከማጠናቸው ስድስት መንደሮች ሁሉ ቁጥቋጦው በደንብ ያገገመው የካራ ቡላኩ ነው። የአየሩ ጠባይ እየተቀያየረም ቢሆን አጥር ከተሠራለት ቴረስኬን ቶሎ እንደሚነሣ የሚያሳየው የእርስዎ ልኬት ነው። ስምዎን መጨረሻው ገጽ ላይ አስገብቼዋለሁ። እንዳታስገቢው ያሉኝን አልሰማሁዎትም።

ኤርጌሽ መንደሩን ለምን እንደለቀቀ ግን አልነገሩኝም። አባቴ የሞተ ጊዜ መሬቱ በርዶ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እሳት እያነደደ፣ እያቀለጠ መቃብሩን የቆፈረ እሱ ነው። እንዲህ በአንድ መስመር ሲያልፉት ከበደኝ።

ልጅዎ አናርጉል


ካራ ቡላክ፣ ፌብሩዋሪ 12, 2011

ለአናርጉል፣

መድኃኒቱ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የዘገየሁት መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነው። እሱ እውነት ነው፤ ግን መንገዱ ሳይዘጋም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ስለ ኤርጌሽ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። በ2007 መጸው ላይ ከሽቦው ሥር ሦስት ቴረስኬን ሲነቅል አገኘሁት። ሽቦው ውስጥ አልገባም፣ ከውጭ ነው። ቢሆንም ላልፈው አልፈለግሁም። የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ የነቀለውን በእጁ እንዳስያዝኩ ትምህርት ቤቱ ግቢ አቆምኩትና ለተማሪዎቹ፣ «አገር የሚያጠፋ ሰው ይሄን ይመስላል» አልኳቸው። የገዛ ልጁ ከተሰለፉት መሃል ነበረች። ያኔ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በጸደዩ ደግሞ እረኞች ከኮረብታው ጀርባ ሆነው ሽቦው ውስጥ ጉድጓድ አየን አሉ። ሰው ሁሉ ኤርጌሽ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ከቅርቡ ግጦሽ ከለከሉት። እሱም አንድ ጊዜ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ከዚያ በኋላ ጓዙን ጫነ።

እርስዎስ ምን አሉ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እሱ ነው አላልኩም። ጉድጓዱም ጥቂት ነው፣ ልኬቱን አይነካውም ብዬ አንቺን ማስቸገር አልፈለግሁም።

ስሜን ከጽሑፉ ላይ አውጪልኝ። እንዲህ ብዬ ስለምንሽ ሁለተኛዬ ነው።

ሳቲባልዲ


ዱሻንቤ፣ ኤፕሪል 10, 2011

ለተከበሩ መምህሬ፣

ስለ ጉድጓዱ የጻፉልኝን አነበብኩ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ሁለት ወር አለፈ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ግን ጊዜ የማይሰጥ ነገር መጣ።

ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች ለወረዳው የማገዶ እቅድ አውጥተዋል። ቴረስኬን በስድስት ዓመት የሚያገግም ከሆነ የቀሩትን ተራሮች በስድስት ከፍለን፣ በየዓመቱ አንዱን ለሕዝብ እንክፈት፣ ቤተሰብ በተራው ይንቀል ነው የሚሉት። ኤርጌሽ ያለበት ላይኛው ሸለቆም ገብቶበታል። ስድስት ዓመት የሚለው ቁጥር ደግሞ ከካራ ቡላክ የተገኘ ነው። በጁን መጨረሻ ይፈረማል። ከፊርማው በፊት ሽቦውን መጥተው ማየት ይፈልጋሉ፤ እኔም አብሬ መምጣት አለብኝ።

መምህሬ፣ እርስዎን መጠየቅ ያለብኝን ሁሉ ሳልጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። አሁን አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። በላኩልኝ ቁጥሮች ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ?

አናርጉል


ካራ ቡላክ፣ ሜይ 3, 2011

አናርጉል፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ። ካስረዘምኩት ዋናውን ሳልጽፍ እንዳልቀር ፈራሁ።

የምጨምረው የለኝም፤ የምቀንሰው ነው ያለኝ። ሽቦው ውስጥ መቶ ሃያ ቁጥቋጦ የለም። ከፌብሩዋሪ 2008 ጀምሮ የነበረው ሃያ ሰባት ነው። ዘጠና ሦስቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የላክሁልሽን ቁጥር ከራሴ ነው የጻፍኩት። አምና ከነበረው ላይ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ ሦስት ሴንቲሜትር እየጨመርኩ፣ እውነት እንዲመስል ደግሞ አልፎ አልፎ እየቀነስኩ፣ ካንዛዳ ሻይ በምታቀርብልኝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው።

ያን ክረምት አንቺ ከተማ ሆነሽ ሰምተሽዋል። ወንዙ እስከ ሥሩ በረዶ ሆነና የመብራት ማመንጫው ቆመ፤ መብራት ከዲሴምበር ጀምሮ የለም። ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ከሰል መንገድ ተዘግቶበት ማዶ ቀረ። እኔ እንደምታውቂው ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ አራት በግ ነው የነበረኝ፣ የአራት በግ ኩበት ደግሞ እስከ አዲስ ዓመት እንኳን አያደርስም። ጃንዋሪ 22 ቀን ቡሩል ከጊዜዋ ቀድማ ወለደች። ልጅቷ ከእጄ መዳፍ ብዙም አትበልጥም ነበር። ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ውሃ በረዶ ሆኖ ባልዲውን ሰንጥቆት አገኘን። ካንዛዳ አልጋውን ሰበረች፣ እኔ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን፣ ቀጥሎ መጻሕፍቱን። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ።

መቆፈሪያውን አንሥቼ ወጣሁ። ንፋሱ በረዶውን እያነሣ ሰው ሰውን የማያይበት ቀን ነበር፤ ደስ አለኝ። በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ እየነቀልኩ አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ። ከኮረብታው በኩል ጀመርኩ። በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ረድፎች አልነካሁም። እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ልጅ የሚሞትበት ሰው የትኛው ረድፍ ከመንገድ ይታያል ብሎ አይመርጥም፤ እኔ ግን መርጫለሁ። በየግንዱ የታሠረውን የቆርቆሮ ቁጥር እየፈታሁ በኪሴ አስገባሁ። እስካሁን አሉኝ።

ልጅቷ ዳነች። ስለ መንቀሉ ይቅር በለኝ ብዬ አላህን ስለምን ድምፄ ይወጣል። ስለ ኤርጌሽ ልለምን ስል ግን አፌ አይከፈትም። ሽማግሌዎቹ ሲፈርዱበት ከሱ ሁለት ሰው አልፌ ተቀምጬ ነበር። ዞሮ አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። እኔም የጫማዬን ማሰሪያ ማየት ጀመርኩ።

ማስተማሬን በዚያው ዓመት የተውኩት ጡረታ ደርሶብኝ አልነበረም። ስለ ዕፅዋት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሕፃናቱን ማየት አቃተኝ።

እንግዶቹን አታምጪብኝ። ወይም አምጪያቸው፤ የሚሻለውን አንቺ ታውቂያለሽ። ተራራው ተራ በተራ እንዳይነቀል ግን አድርጊ። ቴረስኬን በስድስት ዓመት አይነሣም። የቀሩትን ሃያ ሰባቱን ትናንት በእውነት ለካሁ። ስምንቱ ደርቀዋል። የቀሩት በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው የጨመሩት፤ እሱም የሁሉም አይደለም። ልኬቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ሳቲባልዲ


ዱሻንቤ፣ ሜይ 29, 2011

መምህሬ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ አልደነገጥኩም። ያሳፈረኝም ይሄው ነው።

በ2008 ኦገስት ላይ ከስድስቱ መንደሮች አምስቱ የላኩት ልኬት ቀንሶ ነበር፤ ብርዱ ግማሹን ገድሎታል። የእርስዎ ብቻ አድጎ መጣ። ኮረብታው ከንፋስ ከልሎት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሌላ ነገር አየሁ። ቁጥር 41ን በ2006 «ደርቋል» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነበሩ። በ2009 «ሠላሳ አንድ ሴንቲሜትር» ብለው ላኩልኝ። የሞተ ቁጥቋጦ ተነሥቶ አደገልኝ። ከዚያ ቁጥር 41 ያለበትን መስመር ሰረዝኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ደብዳቤ ብጽፍልዎ ኖሮ ያኔ ይነግሩኝ ነበር። አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም የዶክትሬት ጽሑፌ ያለ ካራ ቡላክ ባዶ ነበር። አራት ዓመት ያልመጣሁትም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ከመጣሁ ሽቦው ውስጥ መግባት አለብኝ። እርስዎ ሲዋሹኝ ቢያንስ ሕፃን ልጅ እቤትዎ ነበረች። እኔ ቤት ማንም አልታመመም።

ጽሑፌ እንዲነሣ ለመጽሔቱ ጽፌያለሁ። ለኃላፊዬም ነገርኩት። በሩን ዘጋና፣ ካራ ቡላክን ብቻ አውጥተን ሌላውን እናስተካክለው፣ ለምን ራስሽን ታጠፊያለሽ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእኔ አዝኖ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ የስድስት ዓመቱ ቁጥር ሐሰት እንደሆነ፣ እያወቅሁም እንዳለፍኩት ጽፌ ፈረምኩለት። የእቅዱ ፊርማ ቆሟል። እኔም ከጥናቱ ቡድን ወጥቻለሁ። አሁን ምድር ቤት ውስጥ በወረቀት የተጣበቁ የደረቁ ዕፅዋት ስም አስተካክላለሁ። ሥራው ጸጥ ያለ ነው።

የእርስዎን ስም አልጠራሁም።

የላኩልኝን የአሥራ ዘጠኙን ልኬት ደጋግሜ አየሁት። በሰባት ዓመት ውስጥ ከካራ ቡላክ የመጣ ይህን ያህል ያመንኩት ወረቀት የለም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን እኔ ከዚህ ሆኜ ልሠራው አልችልም። ኤርጌሽ ያውቃል?

አናርጉል


ካራ ቡላክ፣ ጁላይ 18, 2011

ልጄ አናርጉል፣

አሁን ያውቃል። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላይኛው ሸለቆ ወጥቼ ለብቻው ልነግረው አስቤ ነበር። ቡሩል ናት የከለከለችኝ። «ሰውየውን ያዋረድከው ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ ይቅርታውን በጓዳ ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የልጄን ስም ደግሞ እንዳታነሣ። ሰው ለሷ አዝኖ አንተን እንዲምርህ አልፈልግም» አለች። ምራቴ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ልክ ነበረች።

መልእክት ላክሁበት፤ አልመጣም አለ። ሁለተኛ ላክሁ፤ ዝም አለ። ባለፈው አርብ ከሶላት በኋላ ግን ከፈረሱ ሲወርድ አየነው። ሸምግሏል። ሽማግሌዎቹም፣ ሴቶቹም፣ ድሮ ያስተማርኳቸውም ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። እሱን ያቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የቆርቆሮ ቁጥሮቹን ከኪሴ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ዘጠና ሦስት ናቸው። የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሲፈረድበት እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ስለ ብርዱ አልተናገርኩም። ስለ ልጅቷም አልተናገርኩም። ለአናርጉልም ሦስት ዓመት የውሸት ቁጥር ልኬላታለሁ፣ በእኔ ምክንያት ከሥራዋ ወርዳለች አልኩ። አንቺ ስለራስሽ የጻፍሽልኝን አልነገርኳቸውም፤ እሱን ስትመጪ ራስሽ ትናገሪያለሽ። የእኔን ስም ግን ከእንግዲህ አትሸፍኚው፤ ለኃላፊሽ ጥሪው።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኤርጌሽ የቅርቡ ግጦሽ ይመለስለት አለ፤ ሁሉም ተስማሙ። ኤርጌሽ ተነሣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሕፃኗን ለምን አልነገርካቸውም?» አለኝ።

እኔ ቆርቆሮዎቹን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ልቅሶዋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር» አለ። «በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ኩበት ነበረኝ፣ ጣሪያ የሚነካ። ነገ ይመጣል፣ ነገ ያንኳኳል እያልኩ ጠበቅሁህ። ሚስቴ ውሰድላቸው ብላ ለመነችኝ። መጀመሪያ ይምጣና ይለምነኝ አልኳት። አልመጣህም። እኔም አልሄድኩም። ከዚያ አንድ ቀን ልቅሶው ሲቀር፣ ሞተች ብዬ አሰብኩ። ሞታም ቢሆን አልሄድኩም።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «በፈረዳችሁብኝ ጊዜ ያልተሟገትኩት ለዚህ ነው» አለና ባርኔጣውን አጠለቀ። ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

እኔም ልንገርሽ፤ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት መቆፈሪያውን ተሸክሜ የማልፈው በበሩ ፊት ለፊት ነበር። ጢሱ ሲወጣ አያለሁ። ላንኳኳ አስቤ አውቃለሁ። ያን ያህል ካዋረድኩት ሰው ደጅ ከመቆም ያንቺን ቁጥቋጦ መንቀል ቀለለኝ።

ያለውን ሁሉ ቡሩል ሰምታለች፤ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ቋጠረች፣ ልጅቷን ጫማ አደረገችላት፣ አህያውን አወጣች። ወዴት ነው አልኳት። «ላይኛው ሸለቆ። ሰውየው ልጅቷን አይቷት አያውቅም» አለችኝ። ልጅቷ አህያው ላይ ተቀምጣ እጇን እያወዛወዘችልኝ ሄደች።

ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ካንዛዳ እንግዳ አክብሮ አሳድሯቸው ነው ትላለች። እኔ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልሽ፤ በየመስመሩ መሃል ቀና እያልኩ መንገዱን አያለሁ። አቧራ ተነሥቷል፤ ከብት ይሁን ሰው ገና አልለየሁትም።

ሳቲባልዲ